ለነገ የታሰበው ስልሳ ቶን

የሌስሊ ቪከሪ ሥራ መርከብ መመዘን ነበር። ተሠርታ ባሕር ላይ የቆመችውን አይደለም፤ ገና ወረቀት ላይ ያለችውን። መድፉ ስንት ይከብዳል፣ ሞተሩ ስንት፣ የመርከበኞቹ አልጋ፣ የወጥ ቤቱ ድስት፣ የግድግዳው ቀለም፣ አንድ በአንድ ይጽፋል። ከዚያ እያንዳንዱ ዕቃ ከመርከቧ ሆድ ስንት ጫማ ከፍ ብሎ እንደሚቀመጥ ያሰላል። ክብደቱ ወደ ላይ የበዛባት መርከብ ራሷ ይከብዳታል፤ አንድ ቀን ማዕበል ሲገፋት ዘመም ትልና በዚያው ትቀራለች።

ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኖ በአንዲት የጦር መርከብ ላይ ሞተር ጠባቂ ነበር። አውሮፕላን ስለበዛ በየወደቡ አንድ መድፍ ይጨመርላታል፤ የሚቀነስላት ግን አልነበረም። በአንድ የክረምት ጠዋት በሰሜን ባሕር ላይ፣ ነዳጇ ተሟጦ ሆዷ ቀሎ፣ አናቷ ላይ በረዶ ተጋግሮ ሳለ ተገለበጠች። ከመቶ ስልሳው ዘጠኝ ተረፉ። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በምሳ ሰዓት የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ።

«ዘመም አለች፤ እንደ ሁልጊዜው ትመለሳለች ብለን ጠበቅን» አለኝ። «አልተመለሰችም።» ከዚያ እንቁላሉን ጨው አስነክቶ በላ።

እኔ በባዝ ከተማ፣ ኮረብታው ላይ በነበረው የንድፍ ቢሮ፣ በእርሳስ የተሠራውን ሥዕል በቀለም እየገለበጥኩ ሃያ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። ጠረጴዛዬ ከእሱ ጠረጴዛ ሁለት ክንድ አይርቅም ነበር። እሱ «ሚስ ኮልስ» ይለኛል፣ እኔ «ሚስተር ቪከሪ» እለዋለሁ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት አንቱታችን አልፈረሰም። የሌሎቹ ግን ሌላ ነበር። መድፉን የሚደለድለው ባሴት ሁልጊዜ ጠዋት ኮቱን እየሰቀለ ይነካካዋል።

«ቪከሪ፣ ዛሬ ቁርስ ሁለት ቋሊማ በልቻለሁ። መዝገብህ ላይ አስፍረኝ።»

«አስፍሬሃለሁ። ከታች ነው ያስቀመጥኩህ፣ ከቆሻሻው ውሃ ጋር።»

«ሰማችሁ? ቢያንስ አልጥልህም ማለቱ ነው።»

ሚስቱ የሞተችው ሮዌና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ሴት ልጁን ብቻውን አሳደጋት። ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርቶ ሲወጣ በር ላይ ትጠብቀዋለች፤ የተጠበሰ ዓሣና ድንች በጋዜጣ አስጠቅልለው እየበሉ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከመስኮት አያቸው ነበር።

ካርዲናም የምትባለው መርከብ ሥራ የተጀመረው ጦርነቱ ካበቃ ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። እሷን ጨምሮ ስድስት እህትማማቾች ይሠራሉ ተባለ። ዋጋቸው ተቆርጧል፣ ርዝመታቸው ተቆርጧል። ቪከሪ መዝገቡን ሠርቶ ሲጨርስ ከመጨረሻው መስመር ላይ «መጠባበቂያ፣ ስልሳ ቶን» ብሎ ጻፈ።

ጉዳዩን ሊጨርስ ከለንደን አንድ የባሕር ኃይል መኮንን መጣ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ትሑት ሰው ነበር። የቢሮው አለቃ ሚስተር ፒም ንድፎቹን ይዤ እንድገባና የሚታረም ካለ እንድጠብቅ ስላዘዘኝ የተነጋገሩትን ሁሉ ሰምቻለሁ።

«ይህ ስልሳ ቶን ምንድን ነው?» አለ መኮንኑ።

«ምንም አይደለም ጌታዬ» አለ ቪከሪ። «ባዶ ነው።»

«ለባዶ ነገር ነው የምንከፍለው?»

«ገና ላልተወለደ ነገር ነው። ይቺ መርከብ ሃያ አምስት ዓመት እንድትኖር ነው የታሰበው። በአሥረኛው ዓመት አንድ ሰው አዲስ ራዳር ወይም አዲስ ሚሳኤል ይዞ ይመጣል። የት ላስቀምጠው ሲል ቦታ የለም ከተባለ፣ መርከቧ የዚያን ቀን ሞተች። ብረቷ ጤነኛ እንደሆነ።»

መኮንኑ አልተቆጣም። ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ አየው።

«ስልሳ ቶኑን እንድትሸከም አሥራ ሁለት ጫማ መርዘም አለባት። በዚያ ርዝመት ስድስቱ መርከብ አምስት ይሆናሉ፤ ገንዘቡ ያው ነው። እኔ የምጠብቀው ስድስት ባሕር አለኝ፣ ሚስተር ቪከሪ። አንዱን ተው ይሉኛል። የትኛውን ልተው?»

«እኔ ባሕር አልመርጥም። እኔ እመዝናለሁ።»

«እኔ ደግሞ እመርጣለሁ። ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፈለኝ።»

ስልሳ ቶኑ ተሰረዘ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ያለ መጠባበቂያውም ቢሆን መርከቧ ከላይ አርባ ቶን ትከብድ ነበር። መድፉን አውርዱ ሲባል መኮንኑ «ጥርስ የሌለው ውሻ ልትልኩ ነው?» አለ። ራዳሩን አውርዱ ሲባል «ዓይን የሌለው» አለ። የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ መርከበኞቹ የሚውሉበትን ላይኛውን ቤት ከብረት ይልቅ በአሉሚኒየም መሥራት። ክብደቱ በግማሽ ይቀንሳል። በየአገሩ ያሉ መርከብ ሠሪዎችም ያኔ ወደዚያው ዞረው ነበር።

ሚስተር ፒም ቪከሪን ለብቻው ጠርቶ «ያለ አንተ ፊርማ አላሳልፈውም፤ አስበህበት ንገረኝ» አለው። ሦስት ቀን አሰበ። በሦስተኛው ቀን የረፋዱን የአራት ሰዓት ሻይ ይዤለት ስሄድ እርሳሱን አስቀምጦ ቀና አለ።

«ሚስ ኮልስ፣ አሉሚኒየም ሙቀት እንደማይችል ያውቃሉ?»

«ይነዳል?»

«አይነድም። ይለሰልሳል። ብረት ገና መጋል ሳይጀምር እሱ እንደ ቅቤ ይሆናል። እሳት ከተነሳ ላይኛው ቤት ወደ ውስጥ ይሰምጣል።»

«ታዲያ በብረት ይሁን ይበሉዋ።»

«በብረት ከሆነ ትገለበጣለች። ዛሬ አይደለም፣ ነገም አይደለም፤ ግን ክፉ ማዕበል በመጣ ቀን።» ሻዩን ሳይቀምስ ወደ ጎን ገፋው። «እሳት ሊነሳ ይችላል፣ ላይነሳም ይችላል። ማዕበል ግን ይነሳል። እሳትን ደግሞ ሰው ያጠፋዋል፤ የተገለበጠችን ማን ያቃናታል?»

ከድጡ ወደ ማጡ ነበር ነገሩ። ከምሳ በኋላ ፈረመ።

ካርዲናም ተሠርታ በፕሊመዝ ወደብ ውሃ ላይ ስትወርድ ሮዌና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቷ ይዟት ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ወደብ ከሚገኝ ዳንስ ቤት ደንዚል ትሬጊር የሚባል የኮርንዎል ልጅ አገኘች፤ ረጅም፣ ጠቃጠቆ ያለበት፣ ሳቂታ። የራዳር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የሚሠራባት መርከብ ካርዲናም ናት።

ሲጋቡ እኔም ተጠርቼ ነበር። ከዚያም በኋላ ደንዚል እረፍት ሲመጣ ቪከሪ አንዳንድ እሑድ ለምሳ ይጠራኛል። ልጁ አማቹን ሳይነካካ አንድ ጉርሻ አይውጥም።

«ሚስተር ቪከሪ፣ አልጋዬ አጥራኛለች። እግሬ ውጭ ነው የሚያድረው። የእርስዎ ሥራ ነው አሉኝ።»

«አራት ኢንች ብቻ ነው የቆረጥኩት። በሁለት መቶ አሥራ ሁለት አልጋ ሲባዛ ግን ቀላል አይደለም።»

«ስለዚህ እኔ አገሬን የማገለግለው እንደ ሰንጢ ታጥፌ ነው።»

ቪከሪ ሳቀ። ያን ያህል ሲስቅ ከዚያ በፊት አላየሁትም። ሮዌና «አታሹፍበት፤ ኋላ ደግሞ ትራስህን ይቀንስልሃል» አለችው ለባሏ፤ ሁላችንም ሳቅን።

በሰባተኛ ዓመቷ ክረምት ካርዲናም በሰሜን ባሕር ላይ ሦስት ቀን ከማዕበል ጋር ታገለች። ደንዚል ሲመለስ እንደዋዛ ነገረን። «አርባ ዲግሪ ዘመመች። ግድግዳው ላይ ቆመን ነበር። በቃ አልኩ፤ ሮዌናን በሐሳቤ ተሰናበትኳት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደ አሮጊት፣ ተነሳች።»

ቪከሪ ሹካውን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ወጣ። ባቄላው መካከል ጀርባውን ሰጥቶን ረጅም ጊዜ ቆመ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «ትንሽ ብርድ ነው» አለ። እሱ ያሰላውን አውቃለሁ። ላይኛው ቤት ብረት ቢሆን ኖሮ አርባ ዲግሪ ላይ አትመለስም ነበር።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ዓመት፣ በግንቦት፣ ጠዋት የቁርስ ሰዓት ላይ፣ በመርከቧ ወጥ ቤት ውስጥ የድንች መጥበሻው ዘይት ነደደ። ባሕሩ የዚያን ቀን እንደ መስታወት ነበር አሉ፤ ነፋስ የሚባል የለም። ወጥ ቤቱ ላይኛው ቤት ውስጥ ነው፤ የራዳሩ ክፍል ከበላዩ። መርከበኞቹ ቶሎ ደርሰው ነበር፤ ውሃውም ይሠራ ነበር። ነገር ግን በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ የራዳሩ ክፍል ወለል ለሰለሰ፤ መሰላሉ ከነማሰሪያው ወደቀ። እዚያ ከነበሩት ሰባት ሰዎች አንድም አልወጣም። ደንዚል ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

ምን እንደሆነ የሚያጣራ ጉባኤ ተቋቋመ፤ ቪከሪም ተጠራ። ወረቀቶቹን የምይዝለት እኔ ስለነበርኩ ከኋላው ተቀምጬ ሰማሁ።

ሊቀመንበሩ «ብረት ቢሆን ኖሮ?» ብሎ ጠየቀው።

«አርባ ደቂቃ ይቆይ ነበር።»

«አርባ ደቂቃ ይበቃ ነበር?»

«ይበቃ ነበር። ሁሉም ይወጡ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ብረት አላደረጋችሁትም?»

«ከሁለት ዓመት በፊት በየካቲት ብረት ቢሆን ኖሮ ተገልብጣ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ነበረባት።»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አገላብጦ «የሰባቱ ስም እዚህ አለ፤ የሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ግን ግምት ነው» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው። ቪከሪም «አዎ፣ ስሌት ነው» ብሎ መለሰ። ጉባኤው የማንም ጥፋት አልተገኘም ብሎ ዘጋው። ወደ ባዝ ስንመለስ በባቡሩ መስኮት እያየ «ጥፋተኛ ነህ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር ይኖረኝ ነበር» አለ።

ሮዌና የጠየቀችው ከቀብሩ ሳምንት በኋላ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማ ሳህን እያደረቀች ነው። እኔ ሳህኑን የማጥበው ነበርኩ።

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከማግባቴ በፊት?»

«መርከቧ ከመሠራቷ በፊት።»

ጨርቁን አጣጠፈችው። «አልጋው አጠረኝ ሲልህ ትስቅ ነበር። ከራስህ ጠረጴዛ ላይ እየበላ፣ አንተ ይህን እያወቅህ፣ አብረኸው ትስቅ ነበር።»

«ምን ልበለው ነበር፣ ሮዌና? ውረድ ልበለው? እሱ ቢወርድ ሌላ ሰው ይወጣል።»

«እሱን ነው ያገባሁት እንጂ ሌላ ሰውን አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ሄደች፤ በዳንዲ ከተማ ሥራ ይዛ ቀረች። በየወሩ ይጽፍላታል። የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም፤ የኋለኞቹ ሳይከፈቱ ተመለሱ። እሱ ግን መጻፉን አልተወም።

ካርዲናም ተጠገነች። የተቃጠለው ቦታ በብረት ስለተሠራ፣ ያንን ለማካካስ ከጀልባዎቿ አንዷና የኋላ መድፏ ወረዱ። እንዲህ ሆና ሦስት ዓመት ሠራች። በአሥራ ሁለተኛው ዓመቷ የጠላት ሚሳኤል ሲመጣ በአየር ላይ የሚመታ አዲስ መሣሪያ ወጣ፤ ያለ እሱ ወደ ጦር ቀጠና መሄድ ራስን መግደል ነው ተባለ። ክብደቱ አርባ ቶን ነው። ሚስተር ፒም ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወር ሲቀረው ቪከሪን ጠርቶ አርባ ቶን ፈልግላት አለው።

አምስት ወር ፈለገ። ፕሊመዝ እየሄደ መርከቧ ውስጥ እየዞረ መዘነ። ማንም የማይጠቀምበት አሮጌ ሽቦ በየግድግዳው ውስጥ ተጥሎ አገኘ። ቀለሟ አንዱ በአንዱ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ተቀብቶ ነበር፤ ሲፋቅ ብቻውን ዘጠኝ ቶን ወጣው። የመኮንኖቹን የእንጨት ጠረጴዛ፣ የመለዋወጫ ሳጥኖችን፣ የመጻሕፍቱን መደርደሪያ አስወረደ። ሠላሳ አንድ ቶን ሞላለት። ዘጠኝ ቶን ቀረው።

ባሴት እንኳ አላሾፈበትም። «ሆዷ ውስጥ የብረት ክብደት አስቀምጥላትና ትመጣጠናለች» አለው።

«ትመጣጠናለች። ግን ጠልቃ ትሄዳለች፤ ፍጥነቷ ይወርዳል፣ ነዳጇም አያደርሳትም። ስድስተኛውን ባሕር እንድትጠብቅ ነበር የተሠራችው። መድረስ ካልቻለች ምን ትጠብቃለች?»

«ታዲያ ምን ልትጽፍ ነው?»

«አይሆንም ብዬ ነዋ።»

አይሆንም ብሎ ጻፈ። ስድስቱም መርከቦች ሃያ አምስት ዓመት ይኖራሉ የተባሉት በአሥራ አራተኛ ዓመታቸው ከአገልግሎት ተሰናበቱ። አንድ ጋዜጣ ባሕር ኃይሉ ጤነኛ መርከብ ይጥላል ብሎ ጻፈ፤ ሌላው ደግሞ ከመጀመሪያውም መሠራት አልነበረባቸውም አለ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። አራቱ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ። ካርዲናምና አንዷ እህቷ መርከበኞች ተኩስ እንዲለማመዱባቸው ዒላማ ይሁኑ ተባለ።

ዒላማ የምትሆን መርከብ በገመድ ተጎትታ እስከ ጥልቁ ባሕር መድረስ አለባት፤ ሞተሯና ዕቃዋ ወጥቶ ስትቀል በመንገድ እንዳትገለበጥ የሚያሰላም ሰው ያስፈልጋል። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ መጣ። ለሌላ ሰው ይስጡት ብዬው ነበር። «ሌላ ሰው አያውቃትም» አለኝና ሠርቶ ፈረመ።

የምትሄድ ቀን ፕሊመዝ አብሬው ሄድኩ። ቀትር ላይ ነበር፤ ዝናቡ ያካፋል። ገመዱን የፈታው የወደብ ሠራተኛ ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ ቪከሪ ማን እንደሆነ አያውቅም።

«ምን ሆና ነው ይቺ?» አለ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ። «ብረቷን አይተኸዋል? እኔ ከሷ በእጥፍ ያረጁትን አውቃለሁ፤ ዛሬም ይሠራሉ።»

«ቦታ አልተተወላትም» አለ ቪከሪ።

«ማነው ያልተወላት?»

መርከቧ ከወደቡ አፍ ወጥታ ከዝናቡ ውስጥ እስክትጠፋ ቆምን። ስትጎተት ቀጥ ብላ ነበር የምትሄደው፤ ወዲህም ወዲያም አላለችም።

መርከቧ በሄደች በሦስተኛው ዓመት ቪከሪ ጡረታ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት በእሱ ወንበር የሚተካው ወጣት የአዲስ መርከቦችን መዝገብ አሳየው። ስሌቱን አሁን ኮምፒውተር ይሠራዋል። ቪከሪ መነጽሩን አድርጎ እስከ ታች አነበበና «መጠባበቂያው የት አለ?» አለ።

«ነበረ፣ ሚስተር ቪከሪ። ሰማንያ ቶን አድርገን ነበር። ሰባት መርከብ ስምንት ይሁን ሲባል ተቆረጠ።»

«ነግራችኋቸዋል?»

«ነግረናቸዋል። ሰምተውናል።» ልጁ ጨዋ ነው፤ ሻይም አስመጣለት። ቪከሪ ሻዩን ጠጥቶ፣ አመስግኖ፣ ኮቱን ለበሰ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ። እሑድ እሑድ እሄድ ነበር። ባቄላውን መትከል ትቶ ነበር፤ ጓሮው ዳዋ ለበሰ። ስለ ደንዚል አንስቶ አያውቅም። በመጨረሻው ክረምት ደረቱ ተያዘና ሆስፒታል ገባ። ለሮዌና መልእክት ላክሁ። አልመጣችም። አልፈርድባትም፤ ደጋግሜ አስቤ ነው ይህን የምለው። ለቀብሩ አበባ ላከች፤ ካርዱ ላይ ስሟ ብቻ ነበር።

ቤቱ ሲሸጥ ዕቃውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ከቁም ሣጥኑ ሥር፣ በእጁ ጽሑፍ የተሞላ ሁለት ክንድ የሚሆን የወረቀት ቁልል አገኘሁ። ሁሉም ካርዲናም ናት። በብረት ሠርቷታል፣ በአሉሚኒየም ሠርቷታል፤ አርዝሟታል፣ አሳጥሯታል፤ ወጥ ቤቱን ወደ ታች አውርዶ አይቷል፤ ሞተሯን ለውጧል። ጡረታ ከወጣ በኋላ ያለ ማንም ትእዛዝ የሠራው ነው። በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ሲጨርስ የደረሰበትን ጽፏል። ወይ «ትገለበጣለች» ይላል፤ ወይ «ወለሉ አሥራ አምስት ደቂቃ»፤ ወይ ደግሞ «አምስት መርከብ ብቻ»።

አንዱን ወረቀት ይዤ ወደ ቢሮው ወጣሁ፤ ወንበሩን ለወረሰው ልጅ አሳየሁት። ምናልባት ቪከሪ ያላየው መንገድ ያይ ይሆናል ብዬ ነው። ልጁ ቁጥሩን ወደ ኮምፒውተሩ አስገባና ትንሽ ጠበቀ።

«ስሌቱ ትክክል ነው፣ ሚስ ኮልስ» አለኝና ወረቀቱን መለሰልኝ።